መርዶ ሳይነገር የተገዛው ማሽን

ባሌ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ ኮልፌና ቀራኒዮ ገና ከባሕር ዛፉ መሀል መንደር እየሆኑ ሲመጡ፣ ቤት የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስጠራው እሱንና ወንድሙን ነበር። የሽንት ቤት ጉድጓድ በሉት፣ የውሃ ጉድጓድ በሉት፣ ሁለቱ በተራ ይገባሉ፤ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አፈሩን በገመድ ይጎትታል። አንድ ክረምት ላይ፣ የወንድሙ ተራ በሆነ ቀን፣ ግድግዳው ተደርምሶ ዋጠው። ባሌ በጥፍሩ ጭሮ አወጣው፤ ያወጣው ግን ሬሳውን ነው።

ከዚያ ወዲያ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ሁለተኛ ጉድጓድ ውስጥ ከወረድክ ሚስት የለህም!» አልኩት። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም። እኔ ሱቅ ውሎ ምስማር መሸጥ አይሆንለትም፣ ሰው ፊት ይሽኮረመማል። ተደብቆ ይሄድና ማታ ጥፍሩ ሥር ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። እኔ ጣቶቹን ሳይ እራቱ አልወርድ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ «ምን ታዪኛለሽ?» ይላል፣ የማላውቅ ይመስል።

ማሽን እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ሥራ ላይ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ ላይ የሚዝቅ አካፋ፣ ኋላው ላይ የሚቆፍር ረጅም ክንድ አለው፤ ነጂው ከላዩ ተቀምጦ ዘንግ ብቻ ይነካካል፣ እግሩ አፈር አይረግጥም። ጎረቤቶቻችን ሳቁብኝ። «ገመድና ምስማር የምትሸጥ ሴት ዶዘር ልትገዛ!» አሉ። ይሳቁ! እቁቤ ደርሶኝ ነበር፣ የእናቴን ወርቅ ሸጥኩ፣ ላሟንም ሸጥኩ። ያም ሆኖ አዲሱ የሚታሰብ አይደለም። የምንፈልገው አሮጌ ነው፣ ያውም የአሮጌ አሮጌ።

ገራዥ ለገራዥ ተንከራተትን። አንዱ የዘይት ፓምፕ የሌለው ማሽን ይዞ «ፓምፑ ጥገና ሄዶ ነው» ይለናል። ሌላው ዝገቱን በቢጫ ቀለም ሸፍኖ አቀረበልን፤ በእጄ ዳሰስኩት፣ ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ። «ትናንት ማታ ነው የተወለደው?» ብዬ እጄን ነጠላዬ ላይ ሳይሆን የሰውየው ጋዋን ላይ ጠረግኩት። ባሌ በእኔ አፍሮ ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ልማዱ ነው።

በመጨረሻ አንድ መካኒክ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደን። ሸራ የለበሰ ማሽን ነበር። ሸራውን ሲገልጠው ያልተኳኳለ፣ ሐቀኛ አሮጌ ሆኖ አገኘሁት። ሲያስነሳው ሁለቴ አሳለ፣ ከዚያ ሞተሩ ተስተካክሎ መምታት ጀመረ። ክንዱን ወደ ላይ አነሳና ሞተሩን አጠፋ። ቆመን ስንነጋገር ክንዱ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ በጣም ቀስ ብሎ ወርዶ አፈሩ ላይ አረፈ።

«በስመ አብ!» አልኩ።

«የክንዱ የውስጥ ጎማ አርጅቶ ዘይት ስለሚያሳልፍ ነው፤ ሌላው ጤነኛ ነው» አለ መካኒኩ። ባሌ ወጥቶ ተቀመጠበት። ወንበሩ ወደ ግራ ተጎድጉዶ ስለነበር እሱም ሳያስበው ወደ ግራ ዘንበል አለ።

የማሽኑ ባለቤት መጣች። ጥቁር ነጠላ የለበሰች፣ ከእኔ የምታንስ ሴት ነች፣ እንደ እኛው ከደቡብ ምዕራብ የመጡ የነጋዴ ቤተሰብ ምራት። ዋጋ ጠራች፤ ግማሹን ሰበርኩት። እንድትጮህብኝ፣ እንድትምልብኝ ነበር የጠበቅኩት። «እሺ» አለች። ከእኔ ጋር ሳይከራከር እሺ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ ምንድነው ጉዱ? ለምን እሺ አልሽ?»

«ባሌ እዚሁ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያረፈው» አለች። «ሞተሩ እየሠራ ነው ያገኙት። ልቡ ነው አሉ። ዋጋውን ተዪው። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፤ መስቀል እስኪያልፍ እኛ ሰፈር አታስነሱት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟቹ እናት ዓይናቸው አያይም፤ ቤታቸው ዛሬ ማዞሪያ ከሚባለው ከፍ ብሎ ነው። ልጃቸው ጅማ መንገድ ሥራ ሄዷል ተብለዋል። ያላቸው ሌላ ልጅ ጎሬ የተዳረች ሴት ብቻ ናት፤ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶባታል። እናት ደግሞ ልጅ አጠገቧ ሳይኖር፣ ያውም መስቀል ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ መርዶ አይነገራትም። ስለዚህ ምራታቸው ውጭ ጥቁር ትለብሳለች፣ ቤት ስትደርስ ነጭ። ተስማምተን ስንለያይ በሩ ላይ ቆማ ጥቁሩን ነጠላ አወለቀች፣ አጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፣ ነጩን ተከናነበች፣ ፊቷንም በእጇ አሸት አሸት አድርጋ ሄደች። እስከ ዛሬ ያ አስተጣጠፏ ዓይኔ ላይ አለ።

ቃላችንን አከበርን። ማሽኑን ሞተሩን ሳናስነሳ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አስጎትተን አመጣነው። ሥራም የያዝነው በእኛ በኩል፣ ሁለቱን ሰፈር ከሚለየው ወንዝ ወዲህ ነው። ባሌ ማታ ማታ ክንዱን ወደ ላይ አድርጎ ያቆመዋል፤ ጠዋት መሬት ላይ እናገኘዋለን። «ደክሞት ነው» ይላል እየሳቀ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት መጀመሪያ እሱን ላለማየት ወደ ሰማይ አያለሁ።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ባሌ ጥፍሩ ንጹሕ ሆኖ ይመጣ ጀመር።

የረሳነው አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ ወንዝ ይሻገራል። ዝናቡ ቀለል ባለበት አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ፣ ከማዶ በኩል አንዲት አሮጊት በጭቃው መሀል በትራቸውን እየተመረኮዙ ሲመጡ አየሁ። የሚመራቸው ሰው የለም። ድምፁን ተከትለው ነው። ማሽኑ አጠገብ ሲደርሱ ባሌ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«ልጄ!» አሉ። «መጣህልኝ? ሲያስል ሰምቼው መጣሁ!»

እንግዲህ ምን ይባላል? አይደለሁም ቢል፣ ታዲያ ልጄ የት አለ ይሉታል። መርዶ ደግሞ ሽማግሌ ተሰይሞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በወጉ የሚነገር ነገር ነው፤ ጭቃ መሀል የቆመ ባዕድ አፉ ስላመለጠው አይነገርም። ትልቅ ሰው ሲጠራ ዝም ማለትም አልተማርንም።

«አቤት፣ እማ» አለ ባሌ።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው፣ እማ።»

ከጉያቸው ቆጮና ጎመን አወጡ፣ ጠቀለሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ባሌ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ጎረሰ። «ለምን ቤት አልገባህም?» አሉት እንጂ አልተቆጡም፤ «ሥራው እዚሁ ስለሚያሳድረኝ ነው፣ ደግሞ ለማንም አይንገሩ፣ አለቃው ይቆጣል» ሲላቸው አመኑ። እኔ የያዝኩትን ምሳ ይዤ ተመለስኩ።

በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ምራታቸው ቀን ገበያ ስለምትውል አታውቅም። «ቦታ ቀይር!» አልኩት። ቀየረ፤ ደግሞ መጡ። ማሽኑ ሲያስል ካልሰሙ ነው የማይመጡት፣ ሳይነሳ ደግሞ አይሠራም።

ከዚያ ባሌ ተለወጠብኝ። ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። «ቀጥ በል እንጂ» ስለው «ቀጥ ብያለሁ» ይላል። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ዜማ ያንጎራጉራል፤ ከየት አመጣኸው ስለው እኔ እንጃ ይላል። አንድ ቀን በስሙ ጠራሁት፣ ዝም። ሁለተኛ ጠራሁት፣ ዝም። ትከሻውን ስነካው «እኔን ነው?» አለኝ። ወየው! ከጉድጓድ ያወጣሁት ባሌ ወንበር ላይ ጠፋብኝ ብዬ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። የገዛሁትም እኔ፣ በርካሽ አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩትም እኔ!

መስቀል አለፈ። መንገዱ ደረቀ፣ የጎሬዋ እህት ገባች። ምራቲቱ ሱቄ ድረስ መጥታ «ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፣ እናንተም ኑ» አለችን። ባሌን እጁን ይዤ ወሰድኩት። ሰዉ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ሳል እንኳ ሳያሰማ ገብቶ ተቀመጠ። አሮጊቷ የሰውን ብዛት በትንፋሹ አወቁት።

«ምንድነው?» አሉ።

«እማማ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «የሰጠ አምላክ ወሰደ። ልጅዎ ዐርፏል። ከፍልሰታ በፊት ነው።»

ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሱ። አሮጊቷ ግን ሳቁ። «እናንተ ምን ነክቷችኋል? ትናንት በእጄ አጉርሼዋለሁ!»

አንዷ ሴት አማተበች። ምራቲቱ ፊቷ አመድ መሰለ። ባሌ በሩ ጥግ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «አቤት» ሊል ነው። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ሊል ነበር! ክንዱን በጥፍሬ ቆነጠጥኩትና በስሙ ጠራሁት፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ በሙሉ ድምፄ።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሄዶ አሮጊቷ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የበላሁት» አለ፣ በገዛ ድምፁ። «ማሽኑን የገዛሁት ሰው ነኝ። ልጅዎ አይደለሁም።»

እጃቸውን ሰደው ፊቱን ዳሰሱ፤ ግንባሩን፣ አገጩን፣ ጆሮውን። እስከዚያ ቀን አፉን እንጂ ፊቱን ነክተውት አያውቁም። ከዚያ እጃቸውን ከፊቱ ላይ አነሱ።

«የኔው የታለ ታዲያ?» አሉ።

ያን ጊዜ ጮኹ። ያ ጩኸት ሲወጣ እኔ የራሴን ለቅሶ ረሳሁት።

ድንኳን ተጣለ። በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ባሌን አስጠሩት። «በአገራችን ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ለቅሶው መሀል ይመጣል» አሉት። «የልጄ ፈረስ አንተ ዘንድ ነው። አምጣልኝ።»

ያን ዕለት ማሽኑ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ሁለቴ ሲያስል ከድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ባሌ ለቀስተኛው መሀል አቆመው፣ ክንዱን ወደ ሰማይ አነሳው፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከአጠገቤ ቆመ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። አሮጊቷን ደግፈው አቀረቧቸው። እኛ ሁላችን እያየን፣ ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ያ ክንድ ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ እሳቸው እግር አጠገብ መሬት ነካ። ስለ ዘይቱም ስለ ጎማውም አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ፀጉሬ ቆመ። ብረቱን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ግንባራቸውን አስደግፈው አለቀሱ። ማንም ተዉ አላላቸውም።

ሲበቃቸው ቀና አሉ።

«የት ነህ አንተ?» አሉ።

«አለሁ እማማ» አለ ባሌ።

«ልጄ ወርዷል። አሁን አንተ ውጣበት።»

ባሌ እኔን አየኝ። «ውጣ» አልኩት። ወጣና ተቀመጠ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።