ዘጠኝ ቁጥሩ ደሳለው

ሃሩን በመካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ፎቶ እያነሳ፣ በሰው ስልክ ላይ ዘፈንና መንዙማ እየጫነ የሚተዳደር ወጣት ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረው የለም። አላህ በሰጠው ትዕግሥት እየነካካ፣ እያበላሸ፣ ያበላሸውን መልሶ እየሠራ ለመደው።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የኳስ ጌሙን መልክ መቀየር ነበር። በጌሙ ውስጥ ያሉት የባሕር ማዶ ቡድኖች ናቸው። ሃሩን ግን ሥዕሎቹ የተቀመጡበትን ፋይል ፈልጎ አገኘና የአንዱን ቡድን ማሊያ፣ ከእውነተኛው ፎቶ አንስቶ፣ ከነቁጥሩ የመካነ ሰላምን ቢጫ ማሊያ አደረገው። ሣሩንም በበጋ እንደሚታወቀው ሜዳቸው አፈር አስመሰለው።

የከተማው ቡድን በረኛ አምላኩ ይህን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሃሩን፣ አህያዋንስ? የኛ ሜዳ አህያ ሳይገባበት ጨዋታ ያለቀው መቼ ነው?»

በዚያ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለባሹ ደሳለው የሃሩን የልብ ጓደኛ ነበር። አባቱ ጋሽ ቢተው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቡድኑን ቁጥሮች በማሊያው ላይ የሰፉትም እሳቸው ናቸው። ደሳለው አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር በባሕር ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ከሞት የተረፈ የአቀስታ ልጅ ደውሎ፣ ደሳለው ሲሰምጥ በዓይኑ እንዳየ ተናገረ።

ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱ ጋሽ ቢተው ከበር ላይ መለሷቸው። «ሬሳውን ያየ አለ? የለም። እኔ ያላየሁትን አልቀብርም።» ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት እንኳ «እግዜር ያጽናችሁ» ለማለት ደፍሮ አልገባም። እናቱ ሙሉሐረግ እንባዋን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ከአጥሩ ጥግ ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

ሃሩንም ናፍቆቱ ሲጠናበት፣ ለደሳለው አንስቶት የነበረውን ጉርድ ፎቶ አውጥቶ በጌሙ ዘጠኝ ቁጥር ፊት ላይ ለጠፈው። መጀመሪያ ዓይኑ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ አፉ ጆሮው ድረስ ተለጠጠ። ብዙ ደክሞ አስተካከለው፤ ስሙንም ጻፈበት። በጉርዱ ላይ ደሳለው ኮስተር ብሎ ስለነበር ጎል ሲያገባም አይስቅም፤ ሌላው ሁሉ ግን ራሱ ነው።

ጋሽ ቢተው መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ነበር ያዩት። እንደ ቆሙ ቀሩ።

«ይሄ ዘጠኝ የኔ ስፌት ነው። ጭራው ወደ ውጭ ጎበጥ ያለው...» አሉ። ከዚያ ፊቱን አዩ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው፣ ገበያው ሲበተን እየመጡ ከበርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። ቤት ሲገቡም «ዛሬ ሁለት አገባ» ይላሉ።

በመጨረሻ ሙሉሐረግ መጣች። «ሃሩንዬ፣ ክፉ አስበህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። ግን አንተ ዘንድ እየሮጠ፣ እኔ እንዴት አድርጌ ላልቅስለት?»

ሃሩን የዚያን ዕለት የደሳለውን ፊት ከጌሙ ሊያጠፋው ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጓደኛውን በገዛ እጁ የሚቀብረው መሰለውና ጣቱ እምቢ አለው። «ያ አላህ፣ አንተው አንድ በለኝ» ብሎ ዘጋው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሽ ቢተው እንደ ልማዳቸው መጡ። ሃሩን ከአምላኩ ጋር እየተጫወተ ነበር። ደሳለው አገባ። አባትየው ግን እንደ ወትሮው አላጨበጨቡም።

«ከስሙ ሥር ያለችው መስመር፣ እያጠረች የምትሄደው፣ ምንድን ናት?»

«ጉልበቱ ናት ጋሼ። ሲደክም ታጥራለች።»

መስመሯ ልታልቅ ምንም አልቀራትም። ዘጠኝ ቁጥሩ አሁንም ይሮጣል፤ እግሩ ግን ከብዷል።

«አገባ፤ አልሳቀም» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ፎቶው ላይ አልሳቀም ነበራ።»

«የኔ ልጅ ግን ጎል ሲያገባ ጥርሱ አይከደንም ነበር።» እጃቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት። «አውጣው ልጄ። ደክሞታል፤ ይረፍ።»

ሃሩን ጨዋታውን አቁሞ ተቀያሪ አስገባ። ደሳለው አንገቱን ደፍቶ አፈራማውን ሜዳ እያቋረጠ ወጣ። ሁሌ የሚቀልደው አምላኩ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ ቢተው ተነሡ። «ሙሉሐረግን ብዙ በደልኳት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳን እንተክላለን። እናንተም ኑ፤ የሱን ማሊያም አምጡት።»

«እንመጣለን ጋሼ» አለ ሃሩን። ከዚያም ከተማው ሁሉ በልቡ ይዞት የከረመውን አወጣው፤ «አላህ ያጽናዎት።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜም ለልጃቸው አለቀሱ።