እማማ ሄልማ ሲቀረጹ

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የድሮ የድምፅ ቅጂ ከፈትኩት። መጀመሪያ የተሰማኝ የእማማ ሄልማ የኦክስጅን ማሽን ትንፋሽ ነው። ወዲያው አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ ያለው ሳሎናቸው፣ የተቀቀለ ድንችና እንስላል ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈሩን ባንክ በዕዳ የወሰዳቸው ባዶ ቤቶች የሞሉት ሰሞን ነበር። እናቴ ሌሊት ዌርሃውስ ዕቃ ስትጭን አድራ፣ ጠዋት እማማ ሄልማን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከብ ነበር። አንድ ቀን እኔን የሚይዝላት ስላልነበረ አብሬያት ሄድኩ።

አሮጊቷ የላትቪያ ባሕር ዳር ተወላጅ ናቸው። ሊቭ የሚባለውን ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የዚያን ቀን አንድ ተመራማሪ ሊቀርጻቸው መጣ። እሳቸው ግን መቅረጫውን አይተው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ለዚህ ዕቃ ምን ብዬ ላውራ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

እናቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «እሺ እማማ፣ ለእኔ ይንገሩኝ» አለች፣ በአማርኛ።

አሮጊቷ በቋንቋቸው ማውራት ጀመሩ። እናቴ ዓይኗ እየተከደነ «እሺ... እህ... ውይ እማማ» ትላለች። ተመራማሪው ዝም እንድትል በእጁ ምልክት ሲሰጣት አሮጊቷም አብረው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ተዋት።

መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ምን እያሉሽ ነበር?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ደክሟቸዋል።»

«በምን አወቅሽ?»

 ቀይ መብራቱ ላይ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች።

አሁን ሁለቱም የሉም። የእናቴን ድምፅ ሌላ ቦታ አላስቀረሁትም። ከቅጂው ሥር እማማ ሄልማ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ተተርጉሟል። እናቴ «እሺ» ያለችበት ቦታ ሁሉ ግን «ምንነቱ ያልታወቀ ድምፅ» ይላል።