ከሁለቱ በቀር

ቁስቋም አጠገብ ባለች የኮምፒውተር መጠገኛ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ በአዲስ ብርድ ልብስ የጠቀለለውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። የራሱ ኮት ክርኑ ላይ ተቀዷል። ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ በአውቶቡስ ታቅፎት ነው የመጣው።

«ምነው አኒስ? የጤና ጣቢያችን የካርድ ፕሮግራም ገና ሲከፈት ይሞታል። በሽተኛው ከማክሰኞ ጀምሮ ካርድህ አልተገኘም እየተባለ ይመለሳል!»

«እንዲፈጥን ብዬ እኮ ነው እንደገና ያዘጋጀሁት፣ አያ» አለ ጠጋኙ።

«ፍጥነት ማን ጠየቀህ? ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ‹ላለህበት ማሽን አመቻች› አልከው፤ ያለው ደግሞ ያንተ አዲስ ማሽን ላይ ነው! የኔ አሮጌ ፔንቲየም ስሪ ፕሮሰሰር የማያውቀውን ትእዛዝ እንዴት ይፈጽም?»

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ከፕሮሰሰሩ ስም ሥር ብዙ የኮምፓይለር ምርጫዎች ተጽፈው፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም በቀይ ተሰርዘዋል። ከሁለቱ ጎን በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ «ይዘገያሉ እንጂ አይገድሉም። አባዬ፣ ሌላ እንዳታስነካ» ይላል።

አኒስ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ሰውዬው ወረቀቱን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጫነው።

«እያየህ ገልብጥ እንጂ አትነካትም!»

አኒስም ተናደደ። «ይህን ያህል ካወቀች ልጅዎ ራሷ አትሠራልዎትም?»

«እሷ ብትኖር አንተ ደጅ ምን ያመጣኝ ነበር!»