የአባቴ ካርቡራተርና የእሁዱ ሽምግልና

ዛሬ የአባቴን አሮጌ ቮልስ የተሰነጣጠቁ የአየር መሳቢያ (ቫኪዩም) የጎማ ቱቦዎች ስቀይር አንዱ ጎማ መግቢያ አጣ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም።

ካርቡራተሩ የኛ አይደለም።

የነካው ሰው መካኒኩ ጋሽ ወልዴ ብቻ ነው። አምና "ላጥብልህ" ብሎ ፈታው፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዳገት ላይ ታፍና በቆመች ቁጥር "አርጅታለች፣ ሽጥልኝ" ይለኛል። የራሱ ቮልስ ግን እስከ ዋጫ ከተማ ደርሳ ስትመለስ አታስነጥስም።

ጋራዡ ሄጄ የእሱን ቮልስ ሞተር አየሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሚስማር የጫረው የስሙ ፊደል እዚያ ካርቡራተር ላይ አለ። ወደ ቤት ተመለስኩ። (ጋሽ ማለቴንም አቆምኩ።)

እሁድ ወልዴ እህቴን ለልጁ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይልካል። ልጁ ጨዋ ነው፣ እህቴም ትወደዋለች፤ እሺ እንላለን። የምንጠይቀው ጥሎሽ ግን ወርቅ አይደለም። ሽማግሌዎቹ እያዩ ወልዴ ያንን ካርቡራተር ከራሱ ቮልስ ላይ በገዛ እጁ ፈቶ ይገጥምልኛል።

እናንተስ፣ መካኒክ ጋ የቀረ ዕቃችሁን ማን መኪና ላይ አገኛችሁት?