ስትታጠብ የጠፋችው እሌኒ

ልጅ ሳለሁ ተረት ክብደት ነበረው። መዳፌ ላይ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ከእጄ ጋር ይሞቃል፣ ሲያልቅ ደግሞ በቀኜ ለተቀመጠው ልጅ ይተላለፋል። የሰፈሩ ልጅ በየቤቱ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ሲሰማ፣ እኔ ሞተው ስላለቁ የግሪክና የሮም ነገሥታት፣ ያውም ፊታቸውን በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ የሰማሁት፣ የአክስቴ ባል ወፍጮ ቤት ያለው ግሪካዊ ስለነበረ ነው።

ሀገሬ ሸነን ነው። ያኔ እዚያ ልጅ የሚገፋበት ትምህርት ስላልነበረ አባቴ አምቦ አምጥቶ የእናቴ እህት፣ አክስቴ ድንቄ ዘንድ አስቀመጠኝ። ከተማው በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ይባል እንጂ እኛ ከአምቦ ሌላ ስም አናውቅለትም ነበር። የአክስቴ ቤት ከወፍጮው ጀርባ ስለሆነ ከልብሳችንም ከወጣችንም የዱቄት ሽታ አይጠፋም። ባሏን የከተማው ሰው ሙሴ ያኒ፣ እኛ ልጆቹ አባባ ያኒ እንለዋለን። ጣልያን ከመግባቱ በፊት የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከገበያ፣ ኦሮምኛውን ከአክስቴ ተምሮ፣ ሰው ሲያገኝ «አካም ጅርታ» ብሎ ይጀምርና በአማርኛ ይቀጥላል፤ በግሪክኛ የሚናገረው ሲናደድ ብቻ ነው። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር።

ጥንታዊዎቹ ገንዘቦች የሚኖሩት ቀለሙ በተላላጠ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ጥቂቶቹን አባቱ ወይን ሲተክል ከመሬት ያወጣቸው ናቸው። ሌሎቹን በወጣትነቱ እስክንድርያ ወደብ ላይ ሲሠራ ለቃቅሟል። አዲስ አበባ ደግሞ እንደሱ የሚሰበስብ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ከአንድ ዓይነት ሁለት ያለው አንዱን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለሌላው ይልካል። «ሰብስቦ የማያካፍል ሰው ስስታም ነው፣ ሌላ ስም የለውም» ይል ነበር፤ እኛንም ያካፈለን በዚሁ ደንብ ነው። ማታ የወፍጮው ሞተር ዝም ሲል፣ ማንደጃው ላይ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ፋኖሱ ከምሰሶው ላይ ሲሰቀል፣ ልጆቹ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አባባ ያኒ ከቆርቆሮው አንዱን ያወጣና ለአንዳችን ይሰጣል፤ ያ ልጅ እንደያዘው ተረቱ ይጀመራል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ እርጥብ እጅ አይፈቀድም። «እነዚህ ሽማግሎች ናቸው፣ ውሃ አይወዱም» ይላል። አክስቴም ከጓዳ ሆና «እንደ አንተው ናቸዋ!» ትለዋለች። እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል። ለምን ውሃ እንደማይወዱ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም፣ እሱም አላብራራም።

ከገንዘቦቹ ላይ ሁለት ሕፃናት ያጠባች ተኩላ ነበረች። የአንበሳ ቆዳ ራሱ ላይ የደፋ እስክንድር ነበረ፤ እሱ የገራው ፈረስ የገዛ ጥላውን እንደሚፈራ የሰማሁት ያኔ ነው። ዐይኗ የፈጠጠ ጉጉት ነበረች፤ አክስቴ ግን ጉጉት ሞት ትጠራለች እያለች የሷ ተረት ሲጀመር ትነሳለች። አክስቴ የምትወዳት አንዲት የመዳብ ሳንቲም ናት፤ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ሹሩባዋ እንደ አክሊል የተጠመጠመ ሴት ያለባት። «ይቺ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት፣ እሌኒ» አላት ባሏ ገና ሲጋቡ። መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት እሌኒ መልኳ በቤቷ መኖሩን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ አክስቴ በየዓመቱ በደመራ ማታ «እሌኒን ስጠኝ፣ ልሳማት» ትለዋለች። እሱም ይሰጣትና ታሪኩን ይጀምራል፤ እሷም አታስጨርሰውም።

«ጢሱ ነው ያመለከታት፣ ሽማግሌ አይደለም!»

«ሽማግሌው አይደል ደመራውን ያስለኮሳት?»

«ማሎ፣ ኧረ ተው! አንተ ከቤተ ክርስቲያን ልታውቅ ነው?»

የአባባ ያኒ ዐይን መድከም የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን ወደ ፋኖሱ አስጠጋ፤ ቆይቶ ፋኖሱን ወደ ሳንቲሙ አስጠጋን፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ተወው። አውራ ጣቱን ዙሪያውን አስኪዶ መሀሉ ላይ ሲያሳርፍ «እሺ፣ ይሄ ፈረሰኛው ነው» ይላል። አይሳሳትም። ወፍጮውን ለተቀጣሪ ለቀቀ፤ ዱቄቱ መላሙን ወይም ጎርባጣ መሆኑን በጣቱ እያሸ ከማማረር በቀር ሥራ አልነበረውም። ማታ ግን ቆርቆሮው ጭኑ ላይ ሲቀመጥ ሰውየው እንደገና ሙሉ ሰው ይሆናል። ያንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከአክስቴ ይበልጥ የሚያውቀው ደግሞ አልነበረም።

ጠበል አስጠመቀችው፣ በፍልውሃው ዐይኑን አሳጠበችው፣ የሰው መድኃኒት ሁሉ ሞከረች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም «ልክፈተውና እንይ» አለ ተባለ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ወደ ሸነን፣ እሱ ወደ ሐኪሙ ሄድን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር ለአክስቴ «ዐይኑ ተከፍቷል፣ ፋሻ ላይ ነው፣ ለመስቀል ይመጣል» የሚል ወሬ አመጣላት። ሾፌሩ ያያል አላለም። እሷ ግን የሰማችው እንደዚያ ነው፤ ተስፋ ያለው ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

እኔ ከሸነን የተመለስኩት በደመራው ዕለት ጠዋት ነው። ቤቱ ተለቅልቋል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ አደይ አበባ በሩ ላይ ተሰክቷል። ደጁ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰፌድ ተዘርግቶ አንድ ነገር ዐይን ይወጋል። ቀረብ ስል ገንዘቦቹ ናቸው። እንደ አዲስ ናስ ያበራሉ።

አክስቴ ጣቶቿ በሎሚ ተሰነጣጥቀው፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ወጣች። «እይማ ሽታዬ! እይማ!» አለችኝ። በሎሚና በጨው ዘፍዝፋ፣ ከጎረቤታችን ከአደ ጫልቱ ጋር ሆና በአመድና ከሁሉቃ ወንዝ በመጣ አሸዋ ሰሞኑን ሙሉ ፈትጋቸዋለች። በዓል ሲመጣ የእናቷን የአንገት ጠገራ ብር እንደዚያ ነው የምታጥበው፤ የናስ ሳህኑንም እንደዚያው፤ የትኛዋ ሴት በዓልን በጠቆረ ብር ትቀበላለች? «ፋሻው ሲፈታለት መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ከሰል ጠቁረው ነው የሚያውቃቸው» አለች።

አደ ጫልቱም እጇን እያሳየችኝ «ዋቅ ያውቃል ልጄ፣ ጥፍር አልቀረኝም» አለች።

አንዱን አነሳሁ። የአንበሳው ቆዳ የለም። ሌላ አነሳሁ፤ ተኩላዋ የወንዝ ጠጠር ሆናለች። ጉጉቷ ወፍራም ብር ስለሆነች ዐይኗ ተርፏል፤ የቀሩት ግን ልስልስ፣ ብሩህና ባዶ ናቸው። ለካ የመዳቡን መልክ የያዘው ያ ጥቁሩ ነበር። 

«እሌኒስ?» አልኳት።

ሰፌዱን በእጇ አማሰለችው። «እዚሁ ውስጥ ናት፤ የት ትሄዳለች?»

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ደረሰ። አባባ ያኒ በሾፌሩ እጅ ተመርቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ ፋሻው ከተፈታ ቆይቷል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲፈልግ አየችው፤ አየኋት። አላለቀሰችም። «እንኳን በሰላም መጣህ» አለችና ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ደመራው ተለኮሰ፣ ወደቀ፣ አመዱ ተቀባ፤ ጢሱ ልብሳችን ላይ እንዳለ ተመለስን። እንደ ወጉ ልጆቹ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠችለት እሷ ናት። «አጥቤልሃለሁ። ሁሉም ያበራሉ። አንተ ባታያቸው ልጆቹ ያዩልሃል» አለችው።

 አንዱን አወጣ፤ አውራ ጣቱ ዙሪያውን ሄደች፣ መሀሉ ላይ አረፈች፣ እንደገና ሄደች። መለሰው። ሌላ አወጣ። መለሰው። ሌላ። ልጆቹ ስሙን እስኪጠራው እየጠበቅን ነው። ጉጉቷ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች፤ አንድ ሰው በባዕድ ሀገር ዘመዱን ሲያገኝ እንደሚሆነው ሆነ። ከዚያ እሷንም መለሳት። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር በሰው ሞት ላይ እንኳ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

«እሌኒን ስጠኝ፣ ልሳማት» አለች አክስቴ።

 ከዚያ ከቆርቆሮው ውስጥ አንዱን ሳይመርጥ አነሳና «እንቺ» አላት። ሳመችው፤ ግንባሯን አስነካችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ መነጽሩን አወለቀችና ሳንቲሙን በሁለት ዐይኖቹ ላይ አሸችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከጠርዙ ላይ የተረፈውን አይቼዋለሁ፤ የፈረስ ጭራ ነበር።

አፌን ስከፍት ሰማኝ መሰለኝ። «ሽታዬ፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጊው፤ ብርሃኑ ዐይኔን ያመኛል» አለኝ። ምንም ብርሃን የማያይ ሰው። ዝቅ አደረግሁት። በዚያ ጨለማ፣ በፍሙ ብቻ፣ የእሌኒን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረን፤ አክስቴ አንድም ቦታ አላቋረጠችውም።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው ለተረት አልተከፈተም። ተረቱን በባዶ እጅ ሞከረው፤ አጠረ፣ ተምታታ፣ አንዱ ንጉሥ በሌላው ፈረስ መሄድ ጀመረ። በሚቀጥለው ክረምት ጨርሶ ቀረ፤ ልጆቹም ቀሩ። አክስቴ ለጠየቃት ሁሉ «ዐይኑ ነው ተረቱን የወሰደበት» ትላለች። ጠላኋት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አድርጌ የጠላሁት ሰው የለም። ልኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች የሚባለው ለሷ የተባለ ይመስለኝ ነበር፤ ልዩነቱ ያጠፋችው የራሷን ዐይን አለመሆኑ ነው። ምግብ ስታቀርብልኝ አላመሰግናትም፤ ስትጠራኝ ሁለተኛ እስክትጠራኝ እጠብቃለሁ። እሷም ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና «ለምን አትነግራትም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለ። «አሁን ሐኪሙን ትራገማለች፣ ያሳርፋታል። ራሷን ብትራገም ምን ያሳርፋታል? አንቺም እንዳትነግሪ።»

«ማዪልኝ» አለኝ፣ ማልኩ። ልጅን እንደዚያ ማስማል አይገባም፤ ለሱም ቢሆን ይቅር ያላልኩት ነገር ነው። እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ እሱ ሞተ። ለቅሶ ላይ አክስቴ ቆርቆሮውን አምጥታ ያበሩትን ገንዘቦች ለሰፈሩ ልጆች አንድ አንድ እያደረገች አካፈለች፤ ለራሷ ያስቀረችው ያንን የሳመችውን ብቻ ነው። ቀዳዳ አስበስታ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔም የፈረስ ጭራ አንገቷ ላይ ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር፣ አስተማሪ ሆኜ ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላ እንኳ፣ ያ የልጅነት ጥላቻ ተመልሶ ይመጣብኝ ነበር።

በመጨረሻ ሕመሟ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ማተቧን ነካ ነካ አድርጋ «ይቺን ፍቺልኝ፣ ከኔ ጋር እንዳትቀብሯት» አለችኝ።

«እሌኒን?» አልኳት፤ መሐላዬን ስለምጠብቅ።

«እሌኒ አይደለችም፣ ፈረስ ነው» አለች። «ያን ለታ ማታ ነው ያወቅሁት። እኔ ዐይን ነበረኝ እኮ።»

 «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«አላወቀችም ብሎ ሲያስብ ትንሽ ቀለል ይለው ነበር። የቀረችው ያቺ እፎይታ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ላጥብበት?»

ያን ሁሉ ዓመት የጠላኋት ሴት ከኔ ይልቅ ራሷን ትጠላ ነበር፤ ለዚህም ነበር ፈረሱን አንገቷ ላይ አስራ የዞረችው። እኔ የማውቀውን እሷም እሱም ያውቁታል፤ ሦስታችንም አንድ ማንደጃ ዙሪያ ተቀምጠን እየተዛዘንን ተደባበቅን። አንዳችን ቃል ብንተነፍስ ኖሮ ያለቅሱ ይሆን ነበር፣ ይጣሉም ይሆን ነበር፤ ለቅሶውም ጠቡም ያልፍና ሰውየው ተረቱን ይቀጥል ነበር። የመዳቡን መልክ ሎሚና አሸዋ ወስዶታል፤ ተረቱን ግን የወሰደው ዝምታችን ነው።

ዛሬ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ተኩላዋ ያጠባቻቸው ልጆች ሲያድጉ ለምን እንደተጣሉ ጠፍቶብኛል። ጥላውን የሚፈራው ፈረስ በምን እንደተገራ እንኳ አላውቅም። ያኔ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ እንዳይከፋው ብዬ አልጠየቅሁትም።