የነጠላ ድንኳን

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የእድሩን ድንኳን መስፋት ነበር። ባለቤቴ ሉማሜ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረው። የእድሩ ድንኳን ጠባቂም እሱ ነበር፤ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ማንም ሳይከፍለው ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ሸራውን ተሸክሞ ይሮጣል። ያን ቀን ሸራውን ደጃፍ ላይ ዘርግተን፣ በጆንያ መርፌ እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ እንሰፋለን።

«አጥብቀሽ ስፊው፤ እኔ ረጅም ነኝ፣ ስሞት እግሬን ዝናብ እንዳይመታው» አለኝ።

«ድንኳኑ ለለቀስተኛ ነው፤ አንተን ማን ያስገባሃል?» ብዬ ሳቅሁበት።

ሊያስሩን የመጡት ሰዎች መኪና የደረሰው ክሩን ሳንቋጥር ነው። ጥፋታችንን እናውቀዋለን። በዚያው ሳምንት መንገድ ላይ ለተገደለ የጎረቤት ልጅ ድንኳን እንዳይተከል ታዞ ነበር። ባሌ ተከለ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለው ከመኪናው የወረደው ኃላፊ።

«እኛ የሞተን ሰው ወገኑን ጠይቀን አናውቅም። ነገ አንተም ቤት ስንመጣ አንጠይቅህም።»

መርፌው እጄ ላይ ስለነበር እኔንም ጫኑኝ።

ያሰሩን ማዳበሪያ ይቀመጥበት በነበረ መጋዘን ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እኛን ሴቶቹን ከወንዶቹ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነበር። ባሌ አስም ነበረበት። አፉ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት ወንድሙ ቢያመጣለት ከበር መለሱት። «ማሳል ልማዱ ነው» አሉ። ሳሉን በቆርቆሮው በኩል እየሰማሁ አድር ነበር። አንድ ጠዋት ሳሉ ቀረ። ተሻለው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ያን ምስጋናዬን ዛሬም ቢሆን መልሼ ብወስደው ደስ ይለኛል።

የመጋዘኑ ጠባቂ በሩን ከፈተ።

«ባልሽ አርፏል። ወንድሙ ወስዶ ይቀብረዋል። ከተማም ድንኳን እንዳይተከል ታዟል፤ እዚህም ለቅሶ ክልክል ነው።»

ለአገሩ ሁሉ ድንኳን ሲተክል ለኖረ ሰው!

ከእኛ ጋር የታሰሩ አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው ተነሡ።

«ነጠላችሁን አምጡ» አሉ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩ፤ ዳርና ዳሩን ይዘው ከራሴ በላይ ዘረጉት። ራሳቸው ምሰሶ ሆነው ቆሙ። እኔ ከሥር ተቀመጥሁ።

ጠባቂው ተመልሶ መጣ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ድንኳን ነዋ! አይተህ አታውቅም?» አሉት እትዬ። «ግባና እግዜር ያጽናሽ በላት። አለዚያ በሩን ዝጋው፣ ለቀስተኛውን በረደው።»

በሩን ዘጋው። ይህን ስነግራቸው «ደግ ልጅ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እኔ አልልም። መድኃኒቱን ከበር የመለሰው እሱ ነው።

አንዷ እጇ ሲዝል ሌላዋ እየተካቻት ቆሙ። እኔም ባሌን እንደ ወጉ፣ ድንኳን ውስጥ ሆኜ አለቀስሁት።

ከተፈታሁ በኋላ እድርተኛው ድንኳኑን ለማን እንስጥ እያለ ሲመክር «ለእኔ» አልሁ።

«ደሞ ሴት ድንኳን ልትተክል ነው?» አለ አንዱ።

«ሴት ምሰሶ ስትሆን አይቻለሁ» አልሁት።

ያሳሰረን ኃላፊ እናቱ የሞቱበት ቀን መጣ። አልጠየቅሁም፤ ተከልሁ። ለእሳቸው ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ሊያመሰግነኝ እጁን ሲዘረጋ የያዝሁትን ካስማ አስጨበጥሁትና ወደ ማዶው ገመድ ሄድሁ።

ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልጸልይም። ጠዋት ወፍጮውን አስነሳለሁ። ጥሩንባ ሲነፋ አጠፋውና ድንኳን እተክላለሁ።