አዲሱ አሮጌ ሞተር

እኔ ሞተር የምነዳው የታክሲ ሰልፍ መሮኝ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የማስተምረው መገናኛ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው ጀርባ እያየሁ መኖር ሲያንገሸግሸኝ፣ ያገለገለች ሞተር ገዛሁ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ የዝናብ ልብስ ጨመርኩ፤ በቃ። ፍቅር የሚባል ነገር በመካከላችን የለም። እሷ ታደርሰኛለች፣ እኔ ዘይቷን እቀይርላታለሁ።

«የሞተር ወዳጆች ነን» ከሚሉት ሰዎች ጋር የተዋወቅሁት ላምበረት ነዳጅ ስቀዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው አጠገብ ካለ ካፌ ተሰብስበው ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ተሰልፈው እንጦጦ ይወጣሉ፣ የቀረውን ሳምንት ደግሞ በቴሌግራም ሲነታረኩ ያሳልፋሉ። ሴት ነጂ ስላልነበራቸው ለፎቶ ፈለጉኝ። እኔም ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ሄድኩ። ፎቶ ሲነሱ መሀል ያቆሙኛል፤ ስናገር ግን ሁሉም ስልኩን ያያል።

ሰብሳቢያችን ባንክ የሚሠራ ሰው ነው። ክራቫቱን ፈትቶ የቆዳ ጃኬት ሲያጠልቅ ድምፁ ራሱ ይወፍራል። ከእሱ ጋር ዘወትር የሚጣላው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ውድ ሞተር አለው፣ ነገር ግን ከእንጦጦ አልፎ ስለማያውቅ የጎማው ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ሁለቱም ስለ «ድሮ» ማውራት ይወዳሉ። ድሮ የሚሉት ዘመን ሲያልፍ ሁለቱም ገና አልተወለዱም ነበር።

አንድ ቀን ሰብሳቢው የግብዣ ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ አስመጪ አዲስ ሞተር ሊያስመርቅ ነው፤ መልኩ እንደ ጥንቱ፣ ሆዱ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሁላችንም ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሄድን። መብራት ጠፋ፣ ሰው ሠራሽ ጭስ ተለቀቀ፣ ጨርቁ ሲገፈፍ ሞተሩ ብቅ አለ። አልዋሽም፣ መልኩ ያምራል። ክብ የፊት መብራት፣ ቡናማ የቆዳ ወንበር፣ እንደ ሎሚ የተድቦለቦለ የቤንዚን ታንክ፣ ከጎኑ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማውጫ ማርሚታ። ቤንዚን የሌለው ሞተር ታንክና ማርሚታ ምን ያደርግለታል ብዬ ቀረብኩ። የታንኩ ክዳን ሲከፈት ውስጡ የቻርጅ መሰኪያ ነው። ማርሚታው ደግሞ ጫፉ በወንፊት ተደፍኗል፤ ከወንፊቱ ጀርባ ስፒከር አለ። አስተዋዋቂው መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን ስፒከሩ ዱክ ዱክ ዱክ ማለት ጀመረ። ሞተሩ ቆሟል፤ ድምፁ ግን ይጋልባል።

ሰብሳቢያችን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ነፍስ አለው» አለኝ።

«ስፒከር ነው ያለው» አልኩት።

«አንቺ አይገባሽም። ይሄ ትዝታ ነው።»

«የማን ትዝታ?»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። አንዱ የቡድናችን አባል ተንበርክኮ አፍንጫውን ማርሚታው ላይ ደቅኖ «ሽታው ራሱ!» ይላል። እኔም አሸተትኩት። የአዲስ ጫማ ካርቶን ይሸታል። የጥርስ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ስድብ ነው!» አለ። «ሬሳ ኩሎ መዳር ማለት ይሄ ነው።»

«ነድተኸዋል?»

«እኔ? እኔ እዚህ ላይ አልቀመጥም!»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የቴሌግራም ቡድኑ እንደ ገበያ ሆነ። ግማሹ የሰብሳቢው ወገን፣ ግማሹ የሐኪሙ። አንዱ የሞተሩን ፎቶ የስልኩ ገጽ ላይ አድርጎ ሚስቱ እንደተቆጣችው በኩራት ጻፈ። ሌላው ዘይት የማያንጠባጥብ ሞተር ሞተር አይባልም ብሎ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ሳያለቅስ አልቀረም። ፈረንጅ በዩቲዩብ ያለውን ወደ አማርኛ መልሶ እንደ ራሱ ሐሳብ የሚለጥፍም ነበር። ከሁሉም መሀል አንድም ሰው ያንን ሞተር ነድቶ አያውቅም። ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ሳያነቡ የሚከራከሩ ተማሪዎች አሉኝ፤ እነሱ እንኳ የመጽሐፉን ሽፋን አይተው አያለቅሱም።

የእኔ ጥፋት አባቴን ማንሳቴ ነው። አባቴ የጤና ባለሙያ ነበር። በወጣትነቱ መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ገጠር ለገጠር ክትባት ይዞ ይዞር ነበር፤ ያ ሞተር በኋላ በጨረታ ሲሸጥ ራሱ ገዛው። እኔ ስለ ድሮ ሞተር የማውቀውን ያወቅሁት ግቢያችን ውስጥ ነው። ሲነሳ ያለው ጣጣ፣ አልነሳ ብሎ ፔዳሉ ተመልሶ የአባቴን ቅልጥም የመታበት ጠባሳ፣ እናቴ በላምባ እየዘፈዘፈች የምታጥበው ሱሪ። ሸጦት የመጣ ዕለት በታክሲ ነው የገባው። እየሳቀ ነበር። በሞተሩ ዋጋ ፍሪጅ ተገዛ፤ እናቴም ፍሪጁን ስታየው ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

ይህንን በካፌው ሳወራ ሰብሳቢው የሰማው «አባቴ የድሮ ሞተር ነበረው» የሚለውን ብቻ ነው።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አለ፤ የካ ሚካኤል ሰፈር ይኖራል።»

«በቃ! አስመጪው ሞተሩን ለቅዳሜና እሁድ ሊያውሰን ነው። ቪዲዮ እንሠራለን። የድሮው ፈረሰኛ ከአዲሱ ፈረስ ጋር ሲገናኝ! እንባ ያስፈልገናል።»

«አባቴ አያለቅስም።»

«ሙዚቃ እናስገባበታለን፣ አታስቢ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አባቴ እንግዳ ሲመጣለት ይወዳል፤ ስደውልለት «ይምጡ፣ ምን ችግር አለ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰልፈን አባቴ ሰፈር ስንደርስ፣ ከእሱ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። በዚያው ሳምንት ያረፉ ጎረቤት ነበሩ። አባቴ ራሱ ከድንኳኑ ነው ተነስቶ የመጣው፣ ጋቢውን እንደለበሰ። ሰብሳቢውን ለብቻው ጠርቼ «ያንን ድምፅ እንዳትከፍተው፣ ለቅሶ አለ» አልኩት። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለ። ካሜራ የያዘውም ሰው ቀና ብሎ ድንኳኑን አየና ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

አባቴ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። ወንበሩን በእጁ ጫን አደረገ። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ፈለገ።

«አባባ፣ ሲያዩት ምን ተሰማዎት?» አለ ሰብሳቢው።

«ይሄ በእግር እየተመታ ነው የሚነሳው?»

«የለም አባባ፣ በቁልፍ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሰብሳቢው ለካሜራው ሰው አቁም ብሎ ምልክት ሰጠ። ትንሽ አሰበና እንደገና ጀመረ።

«አባባ፣ ድሮ በዚያ ሞተር ሲሄዱ፣ ነፋሱ ፊትዎ ላይ ሲመጣ፣ ነፃነት ይሰማዎት ነበር?»

«ብርድ ነበር የሚሰማኝ። ደረቴ ላይ ጋዜጣ አጥፌ ነበር የምነዳው።»

«አይናፍቅዎትም ታዲያ?»

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ!»

«ልጄ፣ ወገቤ እስካሁን አልተወኝም። አብሮኝ የሚኖረውን ነገር እንዴት ብዬ ልናፍቀው?»

እኔ ሳቄን ለመያዝ ፊቴን አዞርኩ። ሰብሳቢው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሰውየው እንዲያለቅስ የጎደለው ድምፅ ነው ብሎ ደመደመ መሰለኝ፣ ከኋላዬ ዱክ ዱክ ዱክ ሲል ሰማሁ።

«ዝቅ አድርጌው ነው፣ ለአፍታ ብቻ» አለ።

አባቴ ግራ ገባው። «ቆሞ የለም እንዴ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ድምፁ ነው አባባ! የድሮው ድምፅ!»

ቁልፏን ደግሞ ሲጫናት ግን ድምፁ ጨመረ። ሊቀንሰው ሲል ገብታ ቀረች። ሰፈሩ በሙሉ ተናወጠ። ሰብሳቢው የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ በእጁ ያዘው፤ መብራቱ ጠፋ፣ ስፒከሩ ግን የራሱ መስመር ነበረው መሰለኝ፣ ጩኸቱን ቀጠለ። ከድንኳኑ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ፊት ፊት የመጡት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌ ነበሩ።

«ለቅሶ ቤት መሆኑ አይታያችሁም?»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሞተሩ እኮ ጠፍቷል!» አለ ሰብሳቢው፣ ቁልፉን ከፍ አድርጎ እያሳያቸው።

«ጠፍቶ ነው እንዲህ?»

ከሽማግሌው ጀርባ የሟች ልጅ ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ማርሚታውን ብቻ ታያለች። ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ ከውስጤ ጠፋ።

አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ማርሚታው ላይ ጠቀለለው። ጩኸቱ ታፈነ እንጂ አልቆመም። ዙሪያዬን አየሁ። ስለ ነፍስና ስለ ትዝታ ሳምንታት ሲተነትኑ የከረሙት ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመዋል። የካሜራው ሰው መቅረጹን አላቆመም። የጥርስ ሐኪሙ ከዳር ሆኖ ፊቱ በርቷል፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። «አላልኩም? አላልኩም?» ይላል። ከራሴ ሞተር ወንበር ስር ካቻቢቴና ፒንሳ አውጥቼ ጋቢውን ገልጬ ወንፊቱን ፈታሁና የስፒከሩን ሽቦ ቆረጥኩት። ሰፈሩ ጸጥ አለ።

አባቴ ሰብሳቢውን ክንዱን ይዞ ወደ ድንኳኑ አስገባው። «ነፍስ ይማር ብለህ ትቀመጣለህ» አለው። ሰውየው በዚያ የቆዳ ጃኬት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ በላ።

ሲወጣ ሞተሩን አልነዳም አለ። «ድምፅ በሌለው ነገር ሰው ቢያየኝ ዕቃ አመላላሽ ነው የሚለኝ።» ሐኪሙም አይነካውም። ስለዚህ ሰብሳቢው የእኔን ሞተር ያዘ፣ እኔ አዲሱን ይዤ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

ስለ ሞተሩ እውነቱን ልናገር፤ ጥሩ ነው። አቀበቱን ማርሽ ሳልቀይር እየሳበ ወጣ። ፍሬኑ አይንሸራተትም። ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ዳገት ላይም ባትሪውን ቶሎ ይበላል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጸጥታው ነው። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ወጥቼው የባሕር ዛፉን ቅጠል ሲንሾካሾክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቁልቁል የሚሮጡ አትሌቶች ሲያልፉኝ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቅጠል የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ምራት እያወሩ ነበር፣ አጠገባቸው ስደርስ ወሬያቸውን አላቋረጡም። አንድ አህያ ግን ስላልሰማኝ አልዞርልሽ ብሎ ክላክስ አስነፋኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር መንዳት ለምን ደስ እንደሚል ገባኝ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ከበቡኝ። «እህሳ?» አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

«ያለ ድምፁ ነፍስ የለውም» አለ ሰብሳቢው።

«ጥሩ ሊሆን አይችልም» አለ ሐኪሙ። «አንቺ ስለማታውቂ ነው።»

«እሱ ልክ ነው» አለ ሰብሳቢው። በዚያ ቡድን ውስጥ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንዱ የወደደው የሌለውን ነገር፣ ሌላው የጠላውም የሌለውን ነገር ስለሆነ፣ ፊታቸው የቆመውን ሞተር የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ሌሎቹ ፎቶ ሊነሱ ሲሄዱ ሐኪሙ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እስቲ አንዴ ስጪኝ፣ ጉድለቱን በዓይኔ ልየው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሄልሜቱን አጥልቆ፣ መስታወቱን ዘግቶ፣ ከኩርባው ጀርባ ጠፋ። ጉድለት ለማየት ከሚበቃው በላይ ቆየ። ሲመለስ መስታወቱን አልከፈተም። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረና ወደ ራሱ ሞተር ሄደ። ማታ በቴሌግራም «ዛሬም አቋሜን አልቀየርኩም» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት።

በሳምንቱ ቪዲዮው ወጣ። አባቴ ከተናገረው አንድም ቃል የለበትም። የሚያሳዝን ዋሽንት ገብቶበት፣ አባቴ በዝግታ ሞተሩን ይዞረዋል፣ በዝግታ ወንበሩን ይነካል፤ ብርዱ አፍንጫውን አርጥቦት በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ደግሞ እንባ ያበሰ አስመስለውታል። ድንኳኑ የለም፣ ሽማግሌው የሉም፣ ጩኸቱ የለም። ከሥሩ «አለቀስኩ»፣ «ኧረ ሆዴ»፣ «እንዲህ ያለ ሰው ድሮ ቀረ» የሚል ተደርድሯል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ለአባቴ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?» አለ።

እዚያው ወንበሩ አጠገብ ተቀምጬ ከቡድኑ ወጣሁ። አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጠግቤ እተኛለሁ።